ወረቀቱና ጥጡ፦ በልብስ ኢንዱስትሪ የዘላቂነት ማረጋገጫ ምን ያረጋግጣል?



 የዛሬው ጥያቄዬ ጠባብ ነው። በአንድ ሸሚዝ አንገት ላይ «ኦርጋኒክ ጥጥ» የሚል ጽሑፍ ብናነብ፣ ያንን ቃል ማን፣ በምን አረጋገጠው?

ከጥጡ ልጀምር። ኦርጋኒክነት የአመራረት ታሪክ ነው፤ በቃጫው ላይ የሚታይ ምልክት የለውም። በፍግ የበቀለ ጥጥና በፋብሪካ ማዳበሪያ የበቀለ ጥጥ በማይክሮስኮፕ ቢታዩ አይለዩም። ላቦራቶሪ የሚረዳን በከፊል ነው። የኦርጋኒክ ደረጃዎች ልውጥ ሕያው ዘርን ስለሚከለክሉ፣ የተለወጠ ዘር መኖር አለመኖሩን ጥጡ ገና ጥሬ ሳለ በዘረ መል ምርመራ ማወቅ ይቻላል። ጨርቁ ከነጣና ከተቀለመ በኋላ ግን ዘረ መሉ ስለሚበጣጠስ፣ ከሱቅ የተገዛው ሸሚዝ ለዚህ ምርመራ እምብዛም አይመችም።

በዚህ ምክንያት የማረጋገጫው ሥርዓት በዋነኛነት የሚከታተለው ሰነድን ነው። ጥጡ ከመዳመጫ ወደ ፈትል፣ ከፈትል ወደ ሽመና ፋብሪካ ሲሸጥ በየእርከኑ መጠኑ የተጻፈበት የግብይት ምስክር ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ እውነተኛ ከሆነ ሰንሰለቱ ይይዛል። ሐሰተኛ ከሆነስ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ጎትስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የኦርጋኒክ ጨርቃ ጨርቅ ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ በሕንድ 20,000 ቶን ጥጥን የሚመለከት የሰነድ ማጭበርበር ማግኘቱን አስታወቀ። አሥራ አንድ ኩባንያዎችንም አገደ። አጭበርባሪዎቹ የመንግሥትን ድረ ገጽ የሚመስል ገጽ ሠርተው፣ በሐሰተኛው ሰነድ ላይ ያለው ኮድ ወደዚያ እንዲመራ አድርገው ነበር። ጠንቃቃው ገዢ ኮዱን ሲያነብ ሐሰቱ ራሱን በራሱ አረጋገጠለት ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው። የጎትስ ደረጃ የሚጀምረው ከመዳመጫው ነው፤ እርሻው በሕንድ መንግሥት የኦርጋኒክ ሥርዓት ሥር ይወድቃል። ማጭበርበሩ የገባው በሁለቱ ሥርዓቶች መጋጠሚያ፣ ማለትም ማንም ሙሉ በሙሉ «የእኔ ነው» በማይልበት ቦታ ነው።

ይህን መጋጠሚያ ለመጠበቅ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ተራ ሒሳብ ነው። መቶ ኩንታል ያልተዳመጠ ጥጥ ሲዳመጥ ከ33 እስከ 40 ኩንታል ገደማ ቃጫ ይሰጣል፤ የቀረው በአብዛኛው ፍሬ ነው። በፈትል ጊዜም ተጨማሪ ብክነት አለ። አንድ መዳመጫ መቶ ገዝቶ ስድሳ ኦርጋኒክ ቃጫ ከሸጠ፣ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ችግሩ ለረጅም ጊዜ የሚደምር አለመኖሩ ነበር። የምስክር ወረቀት ሰጪዎቹ እርስ በርስ የሚፎካከሩ ድርጅቶች በመሆናቸው እያንዳንዱ የራሱን መዝገብ ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ የአንድ ወረዳ ምርትና ከዚያ ወረዳ ወጣ የተባለው ሽያጭ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን አይቀመጡም ነበር።

የመስክ ጉብኝቱስ? አነስተኛ ገበሬዎች የሚመሰከርላቸው በቡድን ነው። መርማሪው ሁሉንም አይጎበኝም፤ ለረጅም ጊዜ በሰፊው የተሠራበት ስሌት የአባላቱን ቁጥር ዳግም ዘር መውሰድ ነበር። ዘጠኝ መቶ ገበሬ ባለበት ቡድን ሠላሳ ማሳ ይታያል። የመርማሪውን ክፍያ የሚፈጽመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተመርማሪው ወገን ነው። ይህ በማኅበራዊ መስፈርቶች ረገድ ያደረሰውን እናውቃለን፦ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2012 በካራቺ ከተማ የተቃጠለውና ከ250 በላይ ሠራተኞች ያለቁበት አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ ፋብሪካ፣ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የመልካም ሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር።

አሁን በምስክር ወረቀት ላይ የሚጫነው ሸክም እየከበደ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 27 ቀን 2026 ጀምሮ ተፈጻሚ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚሉ አጠቃላይ ቃላትን ያለ ማስረጃ መጠቀምን ይከለክላል፤ የዘላቂነት መለያ ምልክትም በምስክር አሰጣጥ ሥርዓት ወይም በመንግሥት አካል ካልተደገፈ አይፈቀድም። እርምጃውን እደግፋለሁ። ሆኖም ሕጉ የሚደገፍበት ምሰሶ አሁን የገለጽኩት ሥርዓት ነው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቲ ጥጥ እንዲመረት ፈቅዳለች። ከዚያ በፊት አንድ የመተማ ወይም የአዋሽ አምራች «ጥጤ ልውጥ ሕያው አይደለም» ሲል የአገሪቱ ሕግ ይደግፈው ነበር። አሁን ግን ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ መዳመጫው ከቀደመው ጥጥ መጽዳቱንና ናሙናው መመርመሩን ማሳየት ይጠበቅበታል። ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? ገዢው ካልተጋራው፣ ሐቀኛው ገበሬ ለሐቀኝነቱ ይከፍላል፤ ሐሰተኛ ወረቀት የያዘው ነጋዴ ደግሞ በርካሽ ዋጋ ገበያውን ይወስድበታል።

ስለዚህ የምርምር ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የምስክር ወረቀቱ ባለቤት የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሆንና የየመዳመጫው የሚዛን መዝገብ በየዓመቱ በይፋ ቢወጣ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ አስሉ። መነሻ የሚሆነው ቁጥር በየመዳመጫው በር ላይ በየቀኑ ይመዘገባል።