የሦስት አገር አውሮፕላን፣ የሦስት መሪ ኩርፊያ
(ስለ ምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የሞተ አየር መንገድ ነው። «ሙት ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ፤ የዚህኛው አሟሟት ያነጋግራል። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ሥራ የጀመረው በጥር 1946 ነው። የእኛው አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ስለሆነ እኩያሞች ናቸው። ልዩነቱ፣ የእኛው ባለቤት አንድ መንግሥት ነበር። የዚያኛው ግን ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንጋኒካና ዛንዚባር፤ ሁሉም ያኔ በእንግሊዝ እጅ ነበሩ። ጥቂት ሰው ብቻ በሚጭኑ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ተነሥቶ በ1960 ኮሜት 4 የተባለውን ጄት ገዛ። በ1966 ደግሞ ሱፐር ቪሲ 10 መጣ። አንዱ በኡጋንዳ፣ አንዱ በታንዛኒያ፣ አንዱ በኬንያ ስም ተመዘገበ። ማንም እንዳይከፋው መሆኑ ነው እንግዲህ!

በ1967 ኬንያታ፣ ኔሬሬና ኦቦቴ ካምፓላ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ውል ፈረሙ። አየር መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ወደቡ፣ ፖስታው የጋራ ሆነ። የበላዩ ሥልጣን የሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ነው። አንዱ ከቀረ ግን ነገሩ ሁሉ ቆመ ማለት ነው።

በጥር 1971 ኢዲ አሚን ኦቦቴን ገለበጠ። ኔሬሬ ከአሚን ጋር አንድ ጠረጴዛ አልቀመጥም አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ከአሚን ጋር ማን ይቀመጣል? ግን ከዚያ ወዲህ ሦስቱ መሪዎች አንድም ቀን አልተሰበሰቡም። አብራሪው፣ መካኒኩ፣ ትኬት ቆራጩ ያለ አለቃ ቀሩ ማለት ይቻላል።

እዚህ እኛም አገር አንድ ሐዘን አለ። ሚያዝያ 18 ቀን 1972 ከአዲስ አበባ ሊነሣ ያኮበኮበ ሱፐር ቪሲ 10፣ ከሌላ ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ የቀረ ብረት የአፍንጫ ጎማውን አፈነዳበት። አብራሪው ፍሬን ያዘ፤ ፍሬኑ በትክክል አልተገጠመም ነበርና የሚፈለገውን ያህል አልያዘም። አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው አልፎ ወርዶ ተቃጠለ። ከ107 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። በዕድሜ የገፉ የከተማችን ሰዎች ዛሬም ያስታውሱታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የገንዘብ ጭቅጭቅ ነው። ኬንያ «ድርሻችሁን አልከፈላችሁም» ትላለች፤ ሌሎቹ ደግሞ «ጥቅሙ ሁሉ ናይሮቢ ቀረ» ይላሉ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበራቸው፤ ጉዱም እሱ ነው። በ1977 መጀመሪያ አውሮፕላኖቹ ቆሙ። ኬንያ በጥር የራሷን አየር መንገድ አቋቁማ በየካቲት አበረረች። ታንዛኒያ ድንበሯን ዘጋች፤ የተከፈተው በ1983 ነው። ንብረት ለመከፋፈል ስዊዘርላንዳዊ ሸምጋይ አስፈልጎ ስምምነቱ የተፈረመው በ1984 ነው። የኡጋንዳ አየር መንገድ በ2001 ፈርሶ በ2019 እንደገና መብረር ጀመረ።

የተረፉት አራት ሱፐር ቪሲ 10ዎችስ? የእንግሊዝ አየር ኃይል ገዝቶ በሰማይ ላይ ነዳጅ የሚያድሉ ቦቴዎች አደረጋቸው። የመጨረሻዎቹ ከሥራ የወጡት በመስከረም 2013 ነው። ከባለቤታቸው በኋላ 36 ዓመት ኖረዋል።