ስለ ጥርስ ሽፋን
(በጠቅላላ ጉባኤያችን የተደረገ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የመንጋጋ ጥርሴ ሽፋን ቢወልቅብኝ፣ ወጪ ፈርቼ በሱቅ ማጣበቂያ መልሼ ለጠፍኩት። ውስጥ ውስጡን በስብሶ ኖሮ ጥርሱ ተነቀለ። ለካ ሽፋኑ አይበሰብስም፤ የሚበሰብሰው በድድ ጠርዝ በኩል ያለው የራሳችን ጥርስ ነው!

የወርቅ ቅይጥ ዋጋው ቢከብድም ብዙ ዘመን ያገለግላል። በብረት ላይ ፖርሴሊን የተለበጠው ጥርስ ይመስላል፤ ግን ሊሸረፍ ይችላል። ዚርኮኒያ ነጭም ጠንካራም ነው። ያም ሆኖ ዘላለማዊ የለም፤ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 15 ዓመት ቆይተው ይለወጣሉ።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ቢወልቅ ማን እንደሚመልሰው ጠይቁ። ከወለቀም ሽፋኑን ይዛችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ።

እድራችን ለቀብር ይደርስልናል፤ ለጥርሳችን ግን እኛው ቀድመን እንድረስ።