ከዋጃ ሜዳ ወደ ጣና ታንኳ

የዋጃ ሰው ውሃን የሚያውቀው ከተራራ ሲወርድበት ነው። የክረምቱን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ያስገባዋል እንጂ በላዩ አይጓዝም። ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አንባብያን፣ ባሕር ዳር ደርሳችሁ «በደንገል ታንኳ ውጡ» ብትባሉ ጉልበታችሁ ቢብረከረክ አያሳፍርም።

ታንኳው የደረቀ ደንገል በነዶ በነዶ እየታሰረ የሚሠራ ነው፤ ሚስማር የለውም። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ ከሥራ በኋላ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ እንዲህም ሆኖ ዕድሜው የጥቂት ወራት ነው። ቢሆንም አይናቅም። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ከጣና በተወሰደ ደንገል ያሠራት «ራ» የተባለችው ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥታ የአትላንቲክን አብዛኛውን ክፍል ካቋረጠች በኋላ ነው የፈረሰችው።

ዛሬ በሜዲትራንያን ዳርቻ ጀማሪዎች በሰሌዳ ላይ ቆመው መቅዘፍን በመሪ ይማራሉ። መጀመሪያ ግን ተንበርክከው ይቀዝፋሉ፤ ከቆሙም በኋላ እግራቸውን ሳይሆን ፊት ለፊታቸውን ያያሉ። በታንኳም ከመካከል ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ወፍ አየሁ ብላችሁ ድንገት አትነሡ። ከእኛ ከቆለኞቹ ዋና የሚችለው ጥቂት ነውና የሚያንሳፍፍ ሰደሪያ ሳትለብሱ ከዳር አትራቁ።

ከሁሉ የሚከፋው ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ዳሩ የረጋ ይመስላል፣ ጀማሪውን ግን ሳያውቀው ይዞት ይርቃል። ቀዛፊው «ዛሬ ነፋሱ አላማረኝም» ካለ ገንዘብ ጨምራችሁ አታባብሉት፤ በማግስቱ በማለዳ ተመለሱ።