በሰው አገር የአበባ ወራት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ቀላል ስለሚመስል ነገር ጥቂት እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። ይኸውም፣ ሰው ከተወለደበት ርቆ በሰው አገር ሲቀመጥ በዚያ አገር ጨዋታና በዚያ አገር የአበባ ወራት እንዴት ሊደሰት ይችላል የሚል ነው። ነገሩ ቀላል የሚመስለው ስለ ጨዋታ በመሆኑ ነው። ነገር ግን በሰው አገር የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለእንግዳ ሥራ በቶሎ ይሰጠዋል፤ ጨዋታ ግን በቶሎ አይሰጠውም። ቀን ከሰዎች ጋር ውሎ ማታ ብቻውን የሚያመሽ ሰው ገና እንግዳ ነው። ከመካከላችን ነገ ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ስላሉ፣ ወደ እኛም የሚመጡ ስላሉ፣ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

አስቀድመን ስለ ወራቱ እንነጋገር። የአባቶቻችን የዘመን ቀመር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፤ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፤ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በመጽሐፍ ደንቡ ይህ ሲሆን፣ ሕዝቡ ግን በልማድ ጸደይ የሚለው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን፣ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ዘመነ ጽጌ ብላ የምታከብረውን ጊዜ ነው።

በአውሮፓ ግን ጸደይ የሚገባው በእኛ መጋቢት 11 ወይም 12 ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በጎንደር ደጋ ምድሩ ደርቆ፣ ሣሩ ከስሎ ይታያል። የልዩነቱ ምክንያት ይህ ነው፤ በሰሜን አውሮፓ ወቅትን የሚለውጠው የቀኑ መርዘምና ማጠር ነው። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ወቅትን የሚለውጠው ዝናብ ነው። ፈረንጁ ጸደይን የሚቀበለው ብርድ ሲሸሽ ነው፤ እኛ የምንቀበለው ዝናም ሲያባራ ነው። እንግዲህ አገሩን የለወጠ ሰው ደስታውን የሚጠብቅበትን ወር ጭምር መለወጥ አለበት ማለት ነው።

ከተማችን ይህን የሞከሩ እንግዶች ከጥንት ጀምሮ አሏት። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴ አፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም በሐምሌ ወር 1699 ጎንደር ገባ፤ የወጣውም በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት መባቻ ነው። ይህ ሰው የመጣው ለሕክምና ነበር፤ ነገር ግን የቆየበት ጊዜ ከፍልሰታ እስከ ፋሲካ ያለውን የበዓል ዙር የሚያስጨርስ ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ሲደርስ ከተማይቱ ፈንጣጣ ገብቶባት ነበር። ብሩስ በእቴጌ ምንትዋብ መኖሪያ በቁስቋም ሕሙማንን በማስታመሙ ተወደደ። ይሁን እንጂ ከመኳንንቱ ጋር ያቀራረበው ሕክምናው ብቻ አልነበረም። አማርኛ ይናገር ነበር፤ ፈረስ መጋለብ ያውቅ ነበር፤ ከግብር ላይ ተቀምጦ ይበላና ይጫወት ነበር። በፈረስ ጉግስ ወንድነት በሚመዘንበት አገር ፈረስ የሚያውቅ እንግዳ ግማሽ ባለአገር ነው። ግሽ ዓባይ የደረሰውም በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው። በእርሱ አገር ቅጠል የሚረግፍበት ወር ሲሆን፣ በእኛ ግን ገና የጽጌ ወራት ነበር። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የአገራችንን ዕፅዋት በጥንቃቄ ሣለ፤ ወደ አገሩም ሳይመለስ ጎንደር ላይ ዐረፈ። ዋጊኖስ የተባለው ለተቅማጥ መድኃኒት የሚሆነው ቁጥቋጦ ዛሬ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ ተብሎ የሚጠራው በብሩስ ስም ነው። ብሩስ በ1774 ወደ ብሪታንያ ሲመለስ ብዙ ሰዎች የተረከውን አላመኑትም፤ መጽሐፉንም ያሳተመው ዘግይቶ በ1790 ነው። እንግዲህ በሰው አገር የተወደደው ሰው በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ሆነ።

በቅርቡ ዘመንም በሴፕቴምበር 1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ አገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጡ። እነርሱም የደረሱት ልጃገረዶች አበባየሆሽ በሚሉበት ወር ነው።

አሁን ወደ ወለቃ እንመለስ። ወለቃ ከከተማችን በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ፣ ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ ነበሩ። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያስገነቡም ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአናጢነት ሠርተዋል። ድስታችን፣ ጀበናችን፣ ምጣዳችን ከእጃቸው የወጣ ነበር። ነገር ግን ገበያ ላይ ድስቱን የገዛው ጎረቤት ባለ እጁን ቡዳ ብሎ ይፈራ ነበር። ርስት አልነበራቸውም። እነርሱም በበኩላቸው ስለ ሕጋቸው ንጽሕና ከሌላው ጋር አይበሉም፣ አይነካኩም ነበር። በእኛም ሠርግና በዓል፣ በእነርሱም ሠርግና በዓል እየተያየን ሳንቀራረብ ብዙ ዘመን አለፈ። በገዛ አገር እንግዳ መሆን ማለት ይህ ነው።

ከእነርሱ ወገን የሆኑ 27 ወጣቶች በ1955 እና በ1956 በሁለት ቡድን ሆነው መምህራን ለመሆን እስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ተላኩ። እነዚህ በዕድሜ እንደ እናንተ ያሉ ነበሩ። በኋላም በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ሄዱ። ዛሬ ወለቃ ሸክላ ይሸጣል፤ ጸሎት ቤቱም ይታያል፤ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ግን የሉም።

በሄዱበት አገር የገጠማቸውን ልብ በሉ። ትልቁ በዓላቸው ስግድ የሚውለው በዕብራውያን ወር በሔሽቫን 29 ቀን፣ ማለት አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ነው። በጎንደር አገር ሳሉ በዚያ ወቅት ዝናሙ አባርቶ፣ እህሉ አሽቶ፣ ተራራው አሸብርቆ ነበር። ጾመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶች ኦሪት ያነቡ ነበር፤ ከተራራው ሲወርዱም ዳቦ ተቆርሶ እስክስታ ይመታ ነበር። በኢየሩሳሌም ግን ያው በዓል የሚውለው ረጅሙ በጋ አልቆ የመጀመሪያው ዝናም በሚጠበቅበት ጊዜ ነው። የዚያ አገር አበባ የሚፈነዳው ከክረምቱ በኋላ፣ በፋሲካቸው ሰሞን ነው። በዓሉ ያው ሲሆን ሰማዩ ተገለበጠ። እነርሱ ግን በዓሉን አልተዉትም፤ በኢየሩሳሌም ከፍታ ቦታ ላይ እየተሰበሰቡ አከበሩት። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የመላው አገር በዓል አድርጎ ተቀበለው። ከወለቃና ከመሰሎቿ መንደሮች የሄደ ጨዋታ ለባለአገሮቹ ተረፈ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው፣ በሰው አገር ጨዋታ የተደሰተ ሰው የራሱን ይረሳል ይላል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ቋንቋውን የረሳ፣ እናቱን በአስተርጓሚ የሚያነጋግር ልጅ አለና። ነገር ግን መርሳት የሚመጣው ከመደሰት አይደለም፤ የራስን ከማፈር ነው። የራሱን በዓል የሚያከብር ሰው የሰውንም በዓል ማክበር አይከብደውም። በአንጻሩ የራሱን በር ዘግቶ የሌላውን የሚነቅፍ ሰው በውጭ አገር ሃያ ዓመት ቢቀመጥ ሻንጣውን እንዳልፈታ መንገደኛ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ ውጭ የምትሄዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የደረሳችሁበትን አገር በጨዋታው እወቁት። ቋንቋውን ተማሩ፤ ቀልድና ተረት ያለ ቋንቋ አይገባምና። አበባቸው ሲፈነዳ አብራችሁ ውጡ፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ እነርሱን ጥሩ፤ አደይ ባይኖርም እንቁጣጣሽ አለ።

እዚህ የምንቀረው ደግሞ ሌላ ግዴታ አለብን። ወለቃ የሚደርሰው ጎብኚ የሸክላ ምስል ገዝቶ በጥቂት ደቂቃ የሚመለሰው፣ ከገበያ በቀር ሌላ ነገር ስላልቀረበለት ሊሆን ይችላል። ፈረንጅ ባየን ቁጥር እየጮኽን የምንከተል ከሆነ ትዕይንት አደረግነው እንጂ እንግዳ አላደረግነውም። በቡሄ ማታ ሆያ ሆዬ ሲባል ትርጉሙን የሚነግረው፣ በጥምቀት ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ቆሞ ሥርዓቱን የሚያስረዳው አንድ ተማሪ ቢያገኝ ግን አገራችንን አወቀ ማለት ነው። ከሁሉም በላይ በመካከላችን በሙያው ወይም በዘሩ ምክንያት ከሠርግ የማይጠራ ጎረቤት ካለ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ ከመቀበላችን በፊት እርሱን እንጥራው። ወለቃ ይህን ለማድረግ የዘገየ አገር ምን እንደሚያጣ በቅርብ የምታሳየን ትምህርት ቤታችን ናት።