የታክሲ ላይ ሰዓታችን



ጧት ታክሲ ተሰልፈን፣ ከተሳፈርንም በኋላ መንገዱ ተዘጋግቶብን የሚያልፈውን ጊዜ እስቲ እናስበው። ግብጻዊው ቃሪእ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉውን ቁርኣን በድምፅ ያስቀረጹት በ1961 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ 30ውም ጁዝእ በኪሳችን ስልክ ውስጥ ነው። በየቀኑ በደርሶ መልስ አንድ ጁዝእ ያዳመጠ በ30 ቀን ያኸትማል።

ነገር ግን ቁርኣን ሲቀራ ዝም ብለን እንድናዳምጥ በሱረቱል አዕራፍ 204ኛ አንቀጽ ታዘናል። ወሬ ልንይዝ ከሆነ እናጥፋው። ድምፁንም በተሳፋሪው ላይ አንልቀቅበት፤ ማዳመጫ እናድርግ። አንዱን ጆሮ ግን ለሰላምታ እንተወው (መውረጃችንን ያለፍንም አንጠፋ!)።

ማታ ልጆቻችን «ዛሬ ምን ሰማችሁ?» ቢሉን የምንነግራቸው ይኖረን ይሆን? ነገ ጧት በሱረቱል ሙልክ እንጀምር፤ 30 አንቀጽ ብቻ ናት።