ጌጣችንን ስናጸዳ ክብደቱንም እንጠብቅ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጌጣችን ነው። ብዙዎቻችን የባንክ ደብተር ከማወቃችን በፊት ቁጠባችን አንገታችንና ጆሯችን ላይ ነበር። የብር መስቀሉ፣ ድሪው፣ አልቦው፣ ጉትቻው ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ የሚሸጠው በሚዛን ነው። እኛ የሂሳብ ሰዎች ሚዛን ሲጎድል ዝም ማለት አይሆንልንም።

በቤታችን የሆነውን እንንገራችሁ። እናታችን ከእናቷ የወረሰቻቸው አምስት ጠገራ ብሮች ነበሯት። ለታናሽ እህታችን የትምህርት ክፍያ ሲቸግረን ፍኖተ ሰላም አንድ ብር ሠሪ ዘንድ ወሰድናቸው። አንዱ የማሪያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን አምስቱ 140 መሆን ነበረባቸው። ሚዛኑ ግን 131 አለ። «አታለለን» ብለን ተቆጥተን ቡሬ ድረስ ይዘናቸው ሄድን። እዚያም 131!

የቡሬው ሽማግሌ አንዱን ብር አገላበጡና «በምን ነው የምታጸዱት?» አሉ። እናታችን «በአመድና በሎሚ» አለች። የንግሥቲቱ አፍንጫ ጠፍቷል፤ 1780 የሚለው ቁጥርም ሊጠፋ ደርሷል። ለየበዓሉ ስንፈትግ የኖርነው ብሩን ራሱን ነበር። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ሆነብን። ፍኖተ ሰላም ተመልሰን ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅን።

ብር የሚጠቁረው ድኝ ሲነካው ነው። ድኝ በአየር ውስጥ፣ በእንቁላል፣ በሽንኩርት፣ በላስቲክና በሱፍ ጨርቅም አለ። ጥቁሩ ከላይ የተለጠፈ እድፍ ብቻ አይደለም፤ ከድኝ ጋር የተዋሐደ ብር አለበት። ስለዚህ ፈትገን ባነሣነው ቁጥር ከብሩ እንቀንሳለን።

ሳይፈተግ የሚጸዳበት መንገድ አለ። በሳሕን ላይ የአልሙኒየም ፎይል እናንጥፍ። ብሩን ፎይሉን እንዲነካ አድርገን እናስቀምጠው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰን የፈላ ውሃ እናፍስበት። ድኙ ብሩን ትቶ ወደ አልሙኒየሙ ይሄዳል። የተበላሸ እንቁላል ቢሸት አትደንግጡ፤ የሚሸተው ድኙ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀን በደንብ እናድርቀው። ፎይል የማይገኝበት ገጠር ያለን ደግሞ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ያረጀ የነጠላ ጨርቅ ይበቃናል። ጥቁሩ ሁሉ ባይለቅም ብሩ አይጎዳም።

ዶቃ፣ ፈርጥ ወይም በሙጫ የተጣበቀ ነገር ያለበትን ጌጥ ግን ፈጽሞ አትዘፍዝፉ። በወርቅ የተለበጠ ብርም አይፈተግ፤ ልባጡ ስስ ነው። መስቀላችሁ ላይ በቅርጹ መስመር ውስጥ የቀረውን ጥቁር ተዉት፤ ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው በእሱ ነው። መስቀሉን ከማጠባችሁ በፊት ማተቡን ፍቱት፤ የላላ ማተብ ካለም ቀይሩት።

ወርቅ ለስላሳ ነው። 21 ካራት ማለት ከ24ቱ እጅ 21ዱ ወርቅ ነው ማለት ነውና አመድ ቶሎ ይጭረዋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ እጠቡት፤ የጉትቻ መቆለፊያ በፍሳሽ የሄደባት እህት ታውቀዋለች። በረኪና አታስነኩት። ሊጥ ስናቦካና ጸጉራችንን ቅቤ ስንቀባ ቀለበታችንንና ጉትቻችንን እናውልቅ። ስናስቀምጥም እያንዳንዱን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ለየብቻ እንጠቅልለው፤ በላስቲክ አንሰረው።

በመጨረሻ አንድ የሂሳብ ሰው ልመና አለን። ለጌጣችሁ አንድ የደብተር ገጽ ክፈቱ፤ የጌጡን ዓይነት፣ ክብደቱን፣ ካራቱንና የተመዘነበትን ቀን ጻፉ። ያልተመዘገበ ንብረት ሲጎድል ማን እንደወሰደው አይታወቅም፤ እኛም በሰው ያሳበብነው ስለዚህ ነው።

ከአምስቱ ብሮች ሦስቱን ሸጥን፤ እህታችንም ትምህርቷን ቀጠለች። የቀሩት ሁለቱ እናታችን ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጨርቅ ተጠቅልለው አሉ። ከዚያ ወዲህ አመድ አልነካቸውም።