ተጣጣፊው ወንበር



እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1953 የኦሬገኑ እንደራሴ ዌይን ሞርስ ወደ አሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አዳራሽ የገቡት ተጣጣፊ ወንበር ይዘው ነበር። ባለፈው ዓመት በአይዘንሃወር የምርጫ ዘመቻ አካሄድና በኒክሰን ምክትልነት ባለመስማማት የሪፐብሊካንን ፓርቲ ትተዋል፤ ዴሞክራቶችንም ገና አልተቀላቀሉም። ስለዚህ ወንበራቸውን በመተላለፊያው መካከል ዘርግተው ተቀመጡ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ዋጋው ቀልድ አልነበረም። በጦር ኃይሎችና በሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴዎች የነበራቸውን ስፍራ አጡ። ሞርስ አስቀድሞ የኦሬገን ዩኒቨርስቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩ ናቸውና፣ እንደራሴ እንደ ዳኛ ማስረጃውን መዝኖ እንዲወስን፣ ፓርቲ ግን ፍርዱን አስቀድሞ እንዳይጽፍለት ይሹ ነበር።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚቀርበው የሄልስ ካንየን ክርክር ነው። ኦሬገንን ከአይዳሆ በሚለየው በስኔክ ወንዝ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት አንድ ከፍተኛ ግድብ ይሥራ? ወይስ አንድ የግል ኩባንያ ሦስት ትናንሽ ግድቦችን? ጥያቄው የግድብ ቁመትና የማጠራቀሚያ አቅም ብቻ ይመስላል። ለሞርስ ግን የወንዙ ኃይል የሕዝብ ሀብት ነውና ጉዳዩ የፍትሕ ነበር። በ1955 ዴሞክራት ሆኑ፤ በዚያው ዓመት የፌዴራሉ የኃይል ኮሚሽን ፈቃዱን ለኩባንያው ሰጠ። በ1956 የቀድሞውን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዳግላስ ማኬይን በምርጫ ረቱ፤ በ1957 የከፍተኛው ግድብ ረቂቅ በሕግ መወሰኛው ቢያልፍም በእንደራሴዎች ምክር ቤት ከሸፈ። ዛሬ የቆሙት ሦስቱ የኩባንያው ግድቦች ናቸው። ሳልሞን ዓሣ ወደ ላይኛው ወንዝ የሚወጣበትን መንገድ ዘግተዋል፤ ይሁንና የሞርስ ግድብ ቢሠራ ኖሮ ዓሣው ይድን ነበር ለማለት ያስቸግራል። በዚህ ነጥብ ፍትሕ ፈላጊውም ቢሆን ሙሉ ምስጋና አይገባውም።

ፓርቲ የሚለውጥ ሰው ሁሉ ሥልጣን ፈላጊ ነው የሚባለውን ሐሜት ለመመዘን የነሐሴ 7 ቀን 1964 ድምፅ ይበቃል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በቬትናም ላይ ሰፊ ሥልጣን በጠየቁበት ውሳኔ 88 አባላት ሲደግፉ የተቃወሙት ሞርስና የአላስካው ኧርነስት ግሩኒንግ ብቻ ነበሩ። ጆንሰን ደግሞ የአዲሱ ፓርቲያቸው መሪ ናቸው። በወቅቱ አድማጭ አላገኙም፤ ውሳኔው የተሻረው በ1971 ነው።

በ1968 ሞርስ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። በሐምሌ 1974 ወንበራቸውን ለማስመለስ በመወዳደር ላይ ሳሉ አረፉ።